የምርምር መረጃና ንግዳችን
ኢትዮጵያ ስለሚያስፈልጋት ብሔራዊ የክፍት መረጃ ስልት

መጋዘኑ በዕቃ የሞላ፣ መዝገቡ ግን የጠፋበት ነጋዴ ሀብታም ነው ለማለት አይቻልም። ዕቃው መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደ ሆነ፣ በየትኛው ክፍል እንደ ተቀመጠና መቼ እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ደንበኛ በመጣ ጊዜ «የለንም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ኋላም በገዛ መጋዘኑ ያለውን ዕቃ እንደ ገና በውጭ ምንዛሪ ከውጭ አገር ያዝዛል። በመጨረሻም ዕቃው ሳይሸጥ በብልና በአይጥ ይጠፋል።

የኢትዮጵያ የምርምር መረጃ ለብዙ ዘመን የቆየው ይህን በመሰለ ሁኔታ ነው። የምርምር መረጃ ሲባል ታትሞ የወጣው መጽሐፍ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከመጽሐፉ በፊት ያለው ልክ፣ ቁጥር፣ ናሙናና የመስክ መዝገብ ነው። በምርምር ጣቢያዎች፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና በውጭ ርዳታ በተካሄዱ ሥራዎች አማካይነት ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰብሉ፣ ስለ ደኑና ስለ ሕዝቡ ኑሮ እጅግ ብዙ ተለክቷል። ይሁን እንጂ ብዙው ከለካው ሰው መሳቢያ ወይም ከአንድ ኮምፒዩተር አልፎ ለሌላው ሳይደርስ ቀርቷል።

ይህን ሀብት ቆጥሮ፣ መለያ ሰጥቶ፣ ለሚያስፈልገው ሁሉ በሥርዓት የሚከፍት ብሔራዊ ስልት ማቆም የምሁራን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለ ሱቁም በዚህ ጉዳይ ትርፍና ኪሳራ አለባቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአፈሩ ምስክርነት

ወደ አገር ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ ከሚጠይቁት አንዱ የአፈር ማዳበሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት ይገባ የነበረው በአብዛኛው ሁለት ዐይነት ብቻ፣ ይኸውም ዳፕና ዩሪያ ነበር። ደጋ ይሁን ቆላ፣ መረሬ ይሁን ቀይ አፈር፣ ለገበሬው የሚደርሰው ያው ነበር። በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ግን አፈሩን በየወረዳው እየመረመረ፣ በብዙ ስፍራ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክም የሚጎድሉ መሆናቸውን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ በዳፕ ፈንታ ሰልፈር ያለበት ኤንፒኤስ እንዲገባ ተደረገ፤ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም እጅ የማዳበሪያ መቀላቀያ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ይህ ነው። ከማሳ የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚራገፈውን ጭነት ዐይነት ለወጠ። በገጠር ከተማ ያለው ባለ ሱቅም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ገበሬው ደኅና ምርት ባገባ ዓመት ጨርቁ፣ ሳሙናውና ቆርቆሮው ይሸጣል፤ ምርቱ ባነሰ ዓመት ደግሞ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። የተቀላቀለው ማዳበሪያ በየስፍራው ምን ያህል ምርት እንደ ጨመረ በባለሙያዎች መካከል ክርክር ተነሥቷል። እንዲህ ያለው ክርክር የሚቆረጠው በሥልጣን ወይም በድምፅ ብዛት አይደለም፤ በየማሳው የተደረገው የሙከራ ውጤት ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ሲመዘን ነው። ውጤቱ በየተቋሙ ተበትኖ እስካለ ድረስ ግን እያንዳንዱ ተከራካሪ በእጁ ያለውን ብቻ ይዞ ይከራከራል፤ አገሪቱም ማዳበሪያዋን የምታዝዘው በግማሽ ዕውቀት ይሆናል።

ተበትኖ የኖረውን መሰብሰብ እንደሚቻል ደግሞ በተግባር ታይቷል። የኢትዮጵያ የአፈርና የአግሮኖሚ ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ተባብረው፣ ቀድሞ በልዩ ልዩ ጊዜና ተቋም የተጠኑ 20,000 ያህል የአፈር ጉድጓዶችን መዝገብ በአንድ ግምጃ ቤት ሰበሰቡ። ይህ ሁሉ ተጣርቶና ወደ አንድ መልክ መጥቶ ለካርታ ሥራ የበቃው 14,681 ሆነ። ከዚህም በ2024 ታትሞ የወጣ፣ 18 የአፈር ዐይነቶችን በ250 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ተገኘ። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው ካርታ የ1984 ሲሆን፣ ልኩ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነበር፤ ይኸውም በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ልክ አንዱን ቀበሌ ከሌላው ለይቶ ማዳበሪያ ማዘዝ የማይታሰብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ይህን ያህል ዕውቀት የተገኘው አዲስ ጉድጓድ በመቆፈር ሳይሆን አሮጌውን መዝገብ በማገናኘት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከተሰበሰበው መዝገብ ከአራት አንድ የሚበልጠው ለካርታው ሳይውል መቅረቱ ነው። ምልክት ያልተጻፈበት የቡና ጆንያ ደረጃውና አገሩ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ቦታው፣ ቀኑና የአለካኩ ዘዴ በሚገባ ያልተጻፈበት ልክም ስንት ገንዘብ ፈስሶበት ዋጋ ቢስ ይሆናል።

ቡናውና የበቀለበት መሬት

ላኪዎቻችን ደግሞ ነገሩ በሌላ በር መጥቶባቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ተወስኗል። ቡናው የበቀለበት ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ መመልከት አለበት፤ እስከ 4 ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ሲበቃ፣ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው በሙሉ ሊታወቅ ይገባል። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ የአውሮፓ ገዢዎች ይህን ማስረጃ ከላኪው መጠየቃቸው አይቀርም።

በኢትዮጵያ ብዙው ቡና የሚመረተው በትናንሽ ገበሬዎች ማሳ፣ ከትልልቅ ጥላ ዛፎች ሥር ነው። በጥላ ሥር ያለ ቡና ከሰማይ በሳተላይት ሲታይ ደን መስሎ ይታያል። እንግዲህ ለብዙ ዘመን የቡና ማሳ ሆኖ የኖረ ቦታ በ2020 ደን እንደ ነበረ ቢቆጠርና ገበሬው ጥላውን በማሳሳቱ ደን ጨፍጫፊ ቢባል፣ ላኪው ምን ይዞ ይከራከራል? በቃል መሐላ አይሆንም። በአገሩ ባለሙያዎች የተሠራ፣ በመስክ የተረጋገጠ፣ አለካኩም ለማንም ግልጽ የሆነ የደንና የቡና ካርታ ያስፈልገዋል። ለተከራካሪው ወገን የማይታይ ማስረጃ፣ ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርምና።

እዚህ ላይ ግን መለየት የሚገባው ነገር አለ። የእያንዳንዱ ገበሬ ስምና የማሳው ዝርዝር የግልና የንግድ ምሥጢር ስለ ሆነ ለአላፊ አግዳሚው ሊከፈት አይገባም። መሬቱ በዚያ ዓመት ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክረው ጥናት ግን የሕዝብ ሀብት ነው። ጥሩ ብሔራዊ ስልት ማለትም ይህን ከዚያ ለይቶ የሚያውቅ ነው።

መክፈት መበተን አይደለም

«መረጃችንን ከከፈትን ባዕዳን ይወስዱብናል» የሚል ሥጋት ይሰማል። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የጤፍ ታሪክ የታወቀ ነው። በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በጤፍ ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመካፈል ተዋውሎ ነበር፤ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ መብት ተሰጠ፤ በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። በመጨረሻ በ2018 ሄግ ከተማ ያለው ፍርድ ቤት፣ የተባለው ሥራ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለበትም በማለት መብቱ በሆላንድ አገር ዋጋ እንዳይኖረው ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ «ቆልፈን እንቀመጥ» የሚል ትምህርት የሚወስዱ አሉ። ነገር ግን በፈጠራ መብት ሕግ፣ አስቀድሞ ታትሞና ቀን ተጽፎበት ለሕዝብ የታወቀን ነገር «እኔ አገኘሁት» ብሎ መብት ማውጣት አይቻልም። በመሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ዕውቀት ለባለቤቱ ሊመሰክርለት አይችልም፤ በስሙና በቀኑ ታትሞ የተቀመጠ ግን ይመሰክርለታል። በሌላ በኩል የዘሩ ቅንጣትና የማኅበረሰቡ ባህላዊ ዕውቀት በፈቃድና በውል ብቻ መሰጠት አለባቸው። ለዚህም ኢትዮጵያ በ2006 ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 አለ። የግል መረጃን ለመጠበቅም በ2024 አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

ምሥጢር መጠበቅ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ የገዛበትን ዋጋ ለጎረቤቱ የሚነግር የለም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ጀምሮ የዕለቱን ዋጋ በየገበያ ከተማው በሰሌዳ ሲያሳይ፣ ንግዱ አልቆመም። የእያንዳንዱ ነጋዴ ሒሳብ የግሉ ሆኖ ሲቀር፣ የገበያው ዋጋ ግን የሁሉ ሆነ። የምርምር መረጃም በዚሁ ዐይነት ሊለይ ይገባዋል።

እስካሁን የተሠራውና የቀረው

መንግሥት በዚህ ረገድ ከባዶ አይነሣም። በዚያ ጊዜ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። በዚህም መሠረት በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ጽሑፉም መረጃውም ለሕዝብ እንዲደርስ፣ ተመራማሪውም መረጃውን እንዴት እንደሚይዝ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዝዟል። በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ ስለ ክፍት ሳይንስ ያወጣውን ምክረ ሐሳብ የአባል አገሮች ጉባኤ ተቀብሎታል።

ነገር ግን የዩኒቨርሲቲዎች ፖሊሲ ብቻውን ብሔራዊ ስልት አይሆንም። አፈሩ በግብርና፣ ዝናቡ በሜቴዎሮሎጂ፣ የሕዝቡ ኑሮ በስታቲስቲክስ፣ ዘሩ በብዝኃ ሕይወት ተቋም እጅ ነው። እነዚህን የሚያገናኝ አንድ ስልት ቢያንስ አምስት ነገሮችን ሊወስን ይገባል።

አንደኛ፣ ቆጠራ ነው። ማን ምን መረጃ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ብሔራዊ መዝገብ ይቅደም፤ መረጃው ራሱ ባይከፈት እንኳ መኖሩ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ደረጃ መስጠት ነው። ቡና በደረጃ እንደሚለይ ሁሉ፣ ለሁሉ የሚከፈተው፣ ለጊዜው የሚቆየውና በፈቃድ ብቻ የሚሰጠው ተለይቶ ይጻፍ። ያለ ምክንያት መከልከልም እንደ ጥፋት ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ለባለ ሥራው ክብር መስጠት ነው። በፀሐይና በዝናብ የለካ ሰው ሌላው በልፋቱ ስሙን ሲያስጠራበት ካየ፣ ዳግመኛ መዝገቡን አይሰጥም። መረጃው የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ የሚጠቀምበት ሁሉ የባለ ሥራውን ስም ይጥቀስ፤ ለደረጃ ዕድገቱም እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቆጠርለት።

አራተኛ፣ ቅጂው በአገር እንዲቀር ማድረግ ነው። በውጭ ርዳታ የሚካሄድ ጥናት ሲያልቅ መረጃው ከባለሙያው ጋር ተሳፍሮ እንዳይሄድ፣ ሙሉ ቅጂውን ማስረከብ የውሉ ግዴታ ይሁን።

አምስተኛ፣ ወጪ መመደብ ነው። ግምጃ ቤቱ የማያቋርጥ መብራት፣ ጠባቂና የሠለጠነ መዝጋቢ ይፈልጋል። ሥራው የአንድ ጊዜ ግንባታ ሳይሆን እንደ መጋዘን ኪራይ በየዓመቱ የሚከፈል ነው። በርዳታ ገንዘብ ብቻ የቆመ ግምጃ ቤት ርዳታው ባለቀ ዕለት ይዘጋል።

የነጋዴው ድርሻ

ስልቱ በሚዘጋጅበት ጊዜ የንግዱ ማኅበር ወንበር ሊኖረው ይገባል። ተመራማሪው ያለውን መረጃ ያውቃል፤ የትኛው በቶሎ ቢከፈት የውጭ ምንዛሪ እንደሚያድን ወይም ገበያ እንደሚያስገኝ ግን የሚያውቀው ዕቃ የሚያዝዘውና የሚልከው ሰው ነው። ማዳበሪያ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ የሚያስመጡ፣ ቡናና ሰሊጥ የሚልኩ ሁሉ «ይህ ልክ ያስፈልገናል» ብለው በጽሑፍ ቢያቀርቡ፣ ቆጠራው ከየት መጀመር እንዳለበት ይታወቃል።

ንግዱ ደግሞ ተቀባይ ብቻ ሊሆን አይገባውም። በየመጋዘኑ የተደረገ የእርጥበትና የጥራት ምርመራ፣ በየወቅቱ የተመዘገበ የምርት አቀራረብ፣ የባለ ንብረቱ ስም ወጥቶለት ለጥናት ቢሰጥ ለሁሉ ይተርፋል። ሌላው እንዲከፍት የሚጠይቅ ሰው የራሱን በር በጥቂቱም ቢሆን ገርበብ ማድረግ ይገባዋል።

አገሪቱ አፈሯን ለማስመርመር፣ ዝናቧን ለማስለካትና ደኗን ለማስጠናት ገንዘቡን ከፍላለች። የተከፈለበት ዕቃ ከጉምሩክ ሳይወጣ ሲበሰብስ ዝም ብሎ የሚያይ ነጋዴ የለም። የምርምር መረጃውም በዚሁ ዐይን ታይቶ፣ ተቆጥሮና ተመዝግቦ ለሥራ ሊወጣ ይገባዋል።