ዋጋው የወረቀቱ ሳይሆን የዲስኩ ነበር

በ2006 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆሃንስበርግ ስገባ 18 ዓመቴ ነበር። ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ በሚባለው፣ እኛ ግን አሁንም ጄፒ በምንለው ጎዳና ላይ አንድ ዘመዳችን ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ እዚያ ተቀጠርኩ። የቀን ክፍያዬ 70 ራንድ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እግሬ የሚወስደኝ ወደ መጽሔት መደብር ነበር። ከእንግሊዝ የሚመጣው ሊኑክስ ፎርማት ዲቪዲ ታሽጎበት መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋው ከ100 ራንድ በላይ።

«ለወረቀት ይሄን ሁሉ?» አለኝ ዘመዴ አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ እኔ የምገዛው ወረቀቱን አይደለም፤ ዲስኩን ነው።»

«ዲስክማ በራችን ላይ በ10 ራንድ ይሸጣል!»

እሱ የሚለው የፊልሙን ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አይመጣም፤ ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ የአማርኛ ገጽ ስከፍት የማየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። መጀመሪያ በገዛሁት መጽሔት ዲቪዲ ላይ ግን ሊኑክስ ከነፎንቶቹ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር በገዛነው አሮጌ ፔንቲየም 4 ላይ ጫንኩት። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ለምን ከኢንተርኔት አላወረድከውም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናስላ። የስልክ መስመር ሞደም ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ያወርዳል። በዚህ ፍጥነት 700 ሜጋባይት ሲዲ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ ደግሞ ስምንት ቀን ያህል። ኤዲኤስኤል ያለው ሰው ፍጥነቱ ይሻለዋል፤ ግን የተለመደው ጥቅል በወር 3 ጊጋባይት ላይ ይገደብ ነበር። ዲቪዲው ሳያልቅ ኮታው ያልቃል።

የተጋነነ ከመሰላችሁ የዊንስተንን ታሪክ ስሙ። በመስከረም 2009 አንድ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ 4 ጊጋባይት ዳታ በሜሞሪ ካርድ አድርጎ ዊንስተን በተባለ ርግብ እግር ላይ አሰረ። ርግቡ ከሆዊክ እስከ ደርባን 80 ኪሎ ሜትር ያህል በ1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ በረረ። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር እስኪገለበጥ ድረስ በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ ወሰደ። በዚያው ጊዜ ኤዲኤስኤሉ የላከው 4 በመቶውን ብቻ ነበር።

እና መጽሔቱ ውድ ቢሆንም ለእኔ ርካሹ ኢንተርኔት እሱ ነበር። ሦስተኛውን ገዝቼ ቤት ስደርስ ግን የዲስኩ ቦታ ባዶ ነው። አንዱ አውጥቶታል። ስመልሰው ሻጩ «ፕላስቲኩ ተከፍቷል» ብሎ አልቀበልም አለ። የአንድ ቀን ተኩል ደሞዜ እንዲሁ ቀረ። በዚያ ወር ለእናቴ የላክሁት ብር አነሰ። ስትጠይቀኝ «ምንዛሬው ወርዶ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ መጽሔት አልገዛሁም። ዌልኮም ከተማ የተወለደው ማርክ ሻትልዎርዝ የመሠረተው የኡቡንቱ ፕሮጀክት ከ2005 እስከ 2011 ሲዲ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበርና አዘዝኩ፤ ከሳምንታት በኋላ ደረሰኝ። በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን ደግሞ ፍሪደም ቶስተር የሚባሉ ማሽኖችን አስቁሞ ነበር፤ ባዶ ዲስክ ይዞ ለሄደ ሰው ነፃ ሶፍትዌር ይገለብጡለታል። ወጪው ግን አልጠፋም። የፖስታውን ሂሳብ ከእኔ ይልቅ እሱ ከፈለው፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው።

በሐምሌ 2009 የሲኮም የባሕር ሥር ኬብል ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔቱ እየረከሰ ሄደ፣ ዲስኩም ተረሳ። ሂሳቡ ግን ወደ ሞባይል ጥቅል ተዛወረ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 30,000 ቃላት ያሉት መዝገበ ቃላት፣ ለእያንዳንዱ ቃል 100 ፊደል ብንመድብ፣ ሳይታመቅ 9 ሜጋባይት ነው። አፑ 80 ሜጋባይት ከሆነ የቀረው 71 ሜጋባይት የእኛ ምስልና ላይብረሪ ነው፤ ከፋዩ ግን ተጠቃሚው ነው።

አሁን አፕ ከመልቀቄ በፊት መጠኑን አያለሁ። የማላስፈልገውን ላይብረሪ አወጣለሁ፣ ፎንቱን አሳንሳለሁ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን እሞክራለሁ። አንድ ቦታ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ጥቅል ልግዛ ወይስ ለእናቴ ልላክ የሚል ልጅ እንዳለ አውቃለሁ።