ዘካ፣ ሰደቃ፣ ወቅፍ፦ ስለ ሦስት ቃላት አተረጓጐም

ስለ እስልምና የበጎ አድራጎት ሥርዐት የሚናገሩ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ዘካ፣ ሰደቃና ወቅፍ «ምጽዋት» በሚል በአንድ ቃል ሊጠቃለሉ አይገባም። ድህነትን ለመቀነስ የሚሰጡት አገልግሎት የተለያየ ስለሆነ፣ ስሙ ሲደባለቅ ሥርዐቱም ይደባለቃል።

ሀ) ዘካ። የዐረብኛው ሥር «ማደግ»ንና «መንጻት»ን ያመለክታል። ዘካ ግዴታ ነው፤ መጠኑም የተወሰነ ነው። ከ85 ግራም ገደማ ወርቅ ዋጋ ያላነሰና አንድ የጨረቃ ዓመት የሞላው ገንዘብ 2.5 በመቶ ይወጣበታል። በዝናብ ከበቀለ እህል 10 በመቶ፣ በመስኖ ከለማው 5 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ «ዐሥራት» የሚስማማው ለዝናቡ እህል ብቻ ነው። «ምጽዋት» ደግሞ ነገሩን የሰጪው ፈቃድ ያስመስለዋል፤ ድኻው በባለጸጋው ሀብት ላይ ያለውንም መብት ይሰውራል።

ቁርኣን (9፥60) ከዘረዘራቸው ስምንት ተቀባዮች መካከል ቀዳሚዎቹ «ፉቀራእ»ና «መሳኪን» ናቸው። ሁለተኛው ቃል ከእኛው «ምስኪን» ጋር አንድ ቢሆንም፣ የዛሬው አማርኛ «ምስኪን» የዋህና አሳዛኝ ሰውንም ይላልና ያሳስታል። «ድኾች»ና «ችግረኞች» ማለት ይሻላል። ከሁለቱ ማን ይብስ እንደሆነ የሻፊዒና የሐነፊ ሊቃውንት ስለማይስማሙ፣ ተርጓሚው «እጅግ የደኸዩ» እያለ ከራሱ አይጨምር።

ለ) ሰደቃ። ከግእዙ «ጸድቀ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ «ምጽዋት» በትክክል የሚገባው ለዚህ ነው። ይሁንና በአገራችን ሙስሊሞች አነጋገር «ሰደቃ» ለሟች መታሰቢያ የሚደረገውንም ድግስ ስለሚጨምር አገባቡን ማየት ያስፈልጋል።

ሐ) ወቅፍ። የሥሩ ፍቺ «መቆም፣ ማቆም» ነው። ዋናው ንብረት እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥና እንዳይወረስ ተደርጎ ይቆማል፤ ፍሬው ብቻ ለተመደበለት በጎ ሥራ ይውላል። ዘካ የዓመቱን ችግር ሲያቃልል፣ ወቅፍ ትምህርት ቤትን ወይም ሐኪም ቤትን ለትውልድ ያቆያል። «ርስት» ብሎ መተርጐም፣ ርስት የሚወረስ ነውና ፍቺውን ይገለብጣል። «ስጦታ»ም አይበቃም፤ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ወቅፍንና ስጦታን ለየብቻ ጠርቷቸዋል።

በጠቅላላው፣ ዘካና ወቅፍ እንዳሉ ተጽፈው በመጀመሪያ ሲጠሩ «የግዴታ የድኾች ድርሻ»፣ «ለበጎ ሥራ የቆመ ንብረት» ተብለው ይፈቱ፤ «ምጽዋት» ለሰደቃ ይቀመጥ።