የገላባት ገበያና ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ደጋውን ለቆ ቆላውን ከያዘ በኋላ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ አንድ ትንሽ ወንዝ ብቻ ለይቷት የምትገኘው የሱዳን ከተማ ገላባት ናት። ከገላባት ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ የሰሊጥና የማሽላ አገር የሆነችው ገዳሪፍ ትገኛለች። በዚህ መሥመር ላይ ንግድ የቆየ ሙያ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው በአብዛኛው ለመሸጥ፣ ለመግዛት ወይም በመከር ጊዜ ጉልበቱን ለማከራየት ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ መደብር በአንድ ከተማ ሲከፈት በነባሩ ገበያ ላይ ምን ያደርሳል የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ገላባትን ምሳሌ አድርጎ መነሣት ይጠቅማል።

የዛሬዎቹ መተማና ገላባት በ19ኛው ምዕት ዓመት አንድ ገበያ ነበሩ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ያገኛቸው ሰዎች ተክሩሪዎች ነበሩ። እነዚህ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ከምዕራቡ የሱዳን አገር ለሐጅ ወደ መካ ሲመላለሱ በመንገድ ቀርተው የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። ጥጥና ማሽላ ያርሳሉ፤ ገበያውንም ያስተናግዳሉ። ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር እየከፈሉ ከሁለቱም ወገን ጋር በሰላም ለመነገድ ይጥሩ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ቆዳና ከብት ይወርዳል፤ ከቆላው በኩል ጥጥና ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ ይወጣል። የሚያሳዝነው ግን በዚያ ዘመን በዚሁ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። መገበያያው የማርትሬዛ ብር ነው። ዋጋ የሚባለው ነገር በዚያን ጊዜ በወረቀት ተጽፎ የሚለጠፍ ሳይሆን ሻጭና ገዥ ተከራክረው የሚደርሱበት ስምምነት ነበር።

ይህን ገበያ የፈታው ሌላ የተሻለ ገበያ አይደለም፤ ጦርነት ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በዚያው ወደቁ። ከተማዪቱም ተጎዳች፣ ነጋዴውም ተበተነ። ቀጥሎም በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የድንበር ውል ሲዋዋሉ አንዱ ሠፈር ለሁለት ተከፈለ፤ ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነ። በዚሁ ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቅዶላቸው ስለ ነበር የምዕራቡ ቡና በጋምቤላ በኩል በመርከብ ይሄድ ጀመር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ የባቡር ሐዲድ ከካሳላ ወደ ገዳሪፍ ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ የጅምላው ንግድ ገዳሪፍ ላይ ሲሰባሰብ ገላባት የመተላለፊያና የችርቻሮ ከተማ እየሆነች ሄደች። እንግዲህ አንድ ገበያ በመደብር ብቻ ሳይሆን በሐዲድ፣ በመርከብና በድንበር ምክንያትም ሊዳከም እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ መደብሩ እንምጣ። በአንድ ስም፣ በአንድ ባለቤትና በአንድ የሒሳብ መዝገብ ሥር በብዙ ከተሞች ሱቅ የሚከፍት ድርጅት ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር ይባላል። ጉልበቱ ያለው በሚያምር መስኮቱ ሳይሆን በግዢው ብዛት ነው። ነገሩን በቍጥር ለማየት አንድ የሳሙና ምሳሌ እንውሰድ። ፋብሪካው አንዱን ሳሙና በ20 ብር ይሸጣል እንበል። ዋናው አከፋፋይ 2 ብር፣ የከተማው ጅምላ ነጋዴ ሌላ 2 ብር፣ የመኪናው ኪራይ 1 ብር ቢጨምሩበት ሳሙናው ሰፈር ውስጥ ካለው ቸርቻሪ እጅ ሲገባ 25 ብር ይሆናል። ቸርቻሪው ለቤት ኪራይና ለእንጀራው 3 ብር ጨምሮ በ28 ብር ይሸጠዋል። ባለብዙ ቅርንጫፉ መደብር ግን ከፋብሪካው በቀጥታ ይገዛል፤ 1 ብር ለመኪና፣ 3 ብር ለሠራተኛና ለቤት ቢያወጣ ወጪው 24 ብር ነው። 1 ብር አትርፎ በ25 ብር ይሸጣል። ቸርቻሪው ሳሙናውን በገዛበት ዋጋ መደብሩ ለሕዝብ ሸጠው ማለት ነው። ቸርቻሪው ሰነፍ ወይም ስግብግብ ስለ ሆነ አልተሸነፈም፤ ከእርሱ በፊት ሁለት እጆች ስላሉ ነው እንጂ። ብዙ ሰዎች የቸርቻሪውን ዋጋ አይተው «ዘራፊ» ሲሉት ይሰማል፤ ይህ ግን ሒሳቡን ካለማየት የሚመጣ ፍርድ ነው።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለምም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ በ1916 እ.ኤ.አ. ሜምፊስ በተባለች ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለ ሱቅ ተከፈተ። በዚህ ሱቅ ገዥው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሣ በመውጫው በር ላይ ይከፍላል፤ ዛሬ ሱፐርማርኬት የምንለው አሠራር ከዚያ የጀመረ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኤ ኤንድ ፒ የተባለው የሸቀጣ ሸቀጥ ድርጅት ከ15 ሺህ በላይ ሱቆች ነበሩት። ትንንሽ ነጋዴዎች በመጮኻቸው ብዙ ክፍለ ግዛቶች በቅርንጫፎች ብዛት ልክ የሚጨምር ግብር ጣሉ፤ በ1936 እ.ኤ.አ.ም ፋብሪካዎች ለትልቁ ገዥ ብቻ ያለ አግባብ ዋጋ እንዳይቀንሱ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። መሐመድ አሊ የተባለው የሕንድ ነጋዴዎች ድርጅት ዋና ቤቱ በቦምቤይ ሆኖ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ሐረር ሱቅ ከፈተ። በኋላም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች አበጅቶ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በኢትዮጵያ ካሉት የንግድ ቤቶች ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ጨርቅ ያስመጣል፣ ቡናና ቆዳ ይልካል። ይሁን እንጂ የሠፈሩን ሱቅ አላጠፋም። ከእርሱ በጅምላ ተረክበው በቅሎና አህያ እየጫኑ ወደ ገጠር የሚያዘልቁት ነጋዴዎች እጆቹ ነበሩና። ድርጅቱን ያፈረሰው የገበያ ውድድር ሳይሆን የፋሺስት መንግሥት ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ አደረገው።

ከአብዮቱ በኋላ የታየው ሌላ ዓይነት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ የከተማ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በየቀበሌውም የኅብረት ሱቅ ተከፈተ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና ጨርቅ በመንግሥት ዋጋ ለአባላት በካርድ ይታደል ነበር። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው ባለቀ ጊዜ ርካሽነቱ ለማንም አልጠቀመም። በሰልፍ ቆሞ የዋለ ሰው ባዶ ዘንቢል ይዞ ሲመለስ ያው የፈረደበትን የግል ሱቅ ያንኳኳል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አለ በጅምላ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ከቀበሌው ሱቅ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ዋና ሐሳቡ በቸርቻሪው ፊት የቆሙትን እጆች መቀነስ ነበር፤ ለቤተሰብ ከመሸጥ ይልቅ ለሱቆችና ለሆቴሎች በጅምላ ያቀርባል። በሳሙናው ምሳሌያችን ብንመዝነው፣ ለቸርቻሪው ሁለት ብር እንኳ ቢቀንስለት ከትልቁ መደብር ጋር መተንፈሻ ያህል ቦታ ያገኛል ማለት ነው። በጸሐፊው አስተያየት ከሦስቱ የተሻለው ሐሳብ ይህ ነው፤ የተሻለ ሥራ መሆን አለመሆኑ ግን ዕቃው ሳይቋረጥ በመገኘቱ የሚለካ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ለብዙ ዓመታት ለዜጎች ብቻ ተጠብቆ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለ ሀብቶች በመመሪያ ከፈተ። በ2025 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ካርፉር ስሙንና አሠራሩን በአዲስ አበባ ላሉት የኩዊንስ ሱፐርማርኬቶች ለማዋስ መስማማቱ ተገለጸ። እንዲህ ያሉት መደብሮች በመጀመሪያ የሚሄዱት ደመወዝተኛ ወደሚበዛበት፣ መብራትና አስፋልት ወዳለበት ዋና ከተማ ነው። ወደ ገላባትና ወደ መተማ ለመድረስ ግን ብዙ ነገር ይጎድላቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር የማይቋረጥ መንገድ ይፈልጋል። በገላባት ግን በር መዘጋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰኔ 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግብፁ ፕሬዚዳንት በሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሻክሮ የድንበሩ ንግድ ተጎዳ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን የገላባትን በር ዘግታ በሐምሌ መልሳ ከፈተችው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በዚሁ በር ዕቃ ሳይሆን ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሕዝብ ጎረፈ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ መቶ ዓይነት ዕቃ በየሳምንቱ የሚጠብቅ መደብር መደርደሪያው ይራቆታል። ትንሹ ነጋዴ ግን ዕቃውን ይለውጣል፤ የሱዳን ብስኩትና ሽቶ ሲቀርበት የጎንደርን ሽሮና በርበሬ ይዘረጋል። ሁለተኛም በዚያ አካባቢ ብርና የሱዳን ፓውንድ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ምንዛሪውን በየዕለቱ በአእምሮው የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ዋጋው በዋና ከተማ ተወስኖ የሚላክለት የመደብር ሠራተኛ ለዚህ ሥልጣን የለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዱቤው ጉዳይ ነው። ገዳሪፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 ጀምሮ የትራክተር እርሻ የተስፋፋባት፣ መተማና ቋራም በሰሊጥ የሚታወቁ አገሮች ስለ ሆኑ ገንዘብ የሚገኘው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መከር ሲደርስ ነው። በሱዳን በኩል ሸይል የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ገበሬው በክረምት ሲቸገር ከነጋዴው ገንዘብ ወይም እህል ይወስዳል፤ በምላሹም ገና በማሳ ላይ ያለውን ሰብል በነጋዴው ዋጋ አስቀድሞ ይሸጣል። መከር ሲደርስ የገበያው ዋጋ ከፍ ቢልም ትርፉ የነጋዴው ነው። ስለዚህ ነባሩን ነጋዴ ሁሉ የድኻ ወዳጅ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ በዱቤ መዝገቡ ችግረኛውን ያነቀ ነጋዴ ብዙ ነው። ቢሆንም ያ መዝገብ ባይኖር በነሐሴ ወር የሚበላውን ከየት ያመጣ ነበር የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከመደብሩ ይልቅ ሸይልን ሊተካ የሚችለው የእርሻ ብድር የሚሰጥ ባንክ ወይም የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። መደብር ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ አያበድርም።

በአነስተኛ መጠን መሸጥም እንዲሁ ነው። ትልቁ መደብር ዘይትን በሊትር አሽጎ ይሸጣል፤ የሠፈሩ ሱቅ ግን ለዛሬ ወጥ የሚበቃውን ብቻ ቀድቶ ይሰጣል፤ ከስኳሩም ላይ ለምርቃት ትንሽ ይጨምራል። በሒሳብ ሲታይ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ውሎ አድሮ የበለጠ ይከፍላል። ነገር ግን የአንድ ሊትር ዋጋ በኪሱ የሌለው ሰው ይህን ምርጫ ያደረገው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም።

በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ይህን ሁሉ በአንድነት ያሳያል። ሰሊጥ ብስለቱ በደረሰ ጊዜ ወዲያው ካልታጨደ ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ አጫጁ ይፈጥናል፤ ነዶውንም አስሮ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ነዶው ደርቆ እስኪራገፍ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል፤ ብዙ ባለ ርስቶችም ሰሊጡ ተሸጦ ገንዘብ ሲገባላቸው ነው ሙሉውን ሒሳብ የሚከፍሉት። በእነዚያ ሳምንታት ሠራተኛው ዱቄት፣ ጨው፣ ሽንኩርትና የባትሪ ድንጋይ የሚያገኘው ስሙን በደብተር ጽፎ «ሲከፈልህ ታመጣለህ» ከሚለው ባለ ሱቅ ነው።