ለግድግዳችን የትኛውን ቀለም እንምረጥ?

በአማርኛችን «ቀለም» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ትምህርት ነው፤ ፊደል የለየውን ሰው «ቀለም ቈጥሯል» እንለዋለን፥ ትምህርት የሰመረለትንም «ቀለም ገብቶታል» ብለን እናመሰግነዋለን። ሁለተኛው ዐይን የሚያየው ነጩ፥ ቀዩና ብጫው ነው። በመጀመሪያው ቀለም ብዙ ዓመት የደከመ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፥ ደመወዙን ተቀብሎ የኪራይ ክፍሉን ሊያስቀባ ከሱቅ ደጃፍ ሲደርስ፥ በሁለተኛው ገና ጀማሪ መሆኑን ይረዳዋል። ባለ ሱቁ «ምን ዓይነት ይሁንልህ?» ሲለው «ደስ የሚል» ብሎ ይመልሳል። ደስ የሚለው ግን የትኛው ነው? ስለ ምንስ ደስ ይላል?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር እንደ ሲቀላ የተመቸ ሥፍራ ጥቂት ነው። ሲቀላ የአርባ ምንጭ ከተማ የታችኛው ክፍል ሲሆን፥ የላይኛው ክፍል ሴቻ ይባላል። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው ሁለት ሐይቆች ያያል። አባያ ወንዞች ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቀር ወደ ቀይ ዳማ ያደላል፤ ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኰረብታ ተዘርግቷል፤ ከታች ምንጮቹ የሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ደን አለ፤ ከማዶ ስሙን ከሣሩ ቀለም ያገኘው ነጭ ሣር ይታያል። ተፈጥሮ እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጣ አላጣላቻቸውም። እኛ ግን በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ቀለም ማስታረቅ ብዙ ጊዜ ይሳነናል።

ቀለም ትርጕሙን ከማን ያገኛል?

«ቀይ ደም ያፈላል፥ ሰማያዊ ያረጋጋል» የሚል አነጋገር በየመጽሔቱ ይነበባል። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም፥ ቀለም ትርጕሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕዝቡ ታሪክና ልማድ ነው። በእኛ አገር ነጭ ልብስ የበዓል ልብስ ነው፤ በሕንድና በቻይና ግን ነጭ የኀዘን ምልክት ሆኖ ኖሯል። በብራና መጻሕፍቶቻችን ጸሐፊው የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ እዚያ ላይ ቀይ የክብር ምልክት ነው። ወደ ሐረር ጁገል የገባ እንግዳ ደግሞ በጥንታውያኑ ቤቶች ወለሉና መደቡ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል፤ የአገሩ ሰዎችም ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ መሆኑን ይነግሩታል። አንዱ ቀይ ስለ ክብር፥ ሌላው ቀይ ስለ ኀዘን ይናገራል ማለት ነው።

በጋሞም ቀለም የራሱ ሥፍራ አለው። ከጨንቻ አጠገብ ያለው የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጕኖ ይሠራል እንጂ ቀለም አይቀባም፤ ውስጡን የሚያጠቍረው የምድጃው ጢስ ነው። ቀለሙ ያለው በሰዎቹ ልብስ ላይ ነው። ቀይ፥ ጥቁርና ብጫ ተሰልፈው የሚታዩበት ዱንጉዛ ዛሬ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሳይቀር ይሸመናል፤ ጋሞ መሆንን ከሩቅ የሚያስታውቅ ምልክትም ሆኗል። እንግዲህ ቤቱን ትርጕም ባለው ቀለም ማስጌጥ የሚሻ ሰው ከሩቅ አገር መጽሔት ከመቅዳቱ በፊት «እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ቀለም ምን ይል ነበር?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

የሸማኔዎቹ ትምህርት

ስለ ቀለም ከተገኙት ታላላቅ ዕውቀቶች አንዱ የመጣው ከሽመና ቤት መሆኑ ለዶርዜ ጎረቤቶች ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሚሸል ኤዠን ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1824 በፓሪስ በሚገኘው በጎብለን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኀላፊ ሆነ። ወዲያውም «በሰማያዊና በወይን ጠጅ አጠገብ የሚገባው ጥቁር ክር ደብዛዛ ነው» የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሸቭረል ክሩን ከሌላ አገር ጥቁር ክር ጋር ቢያስተያየው ምንም ጕድለት አላገኘበትም። ጕድለቱ ከክሩ ሳይሆን ከጎረቤቱ ነበር፤ አንዱ ቀለም አጠገቡ ያለውን ሌላውን ቀለም ለዐይን ይለውጠዋልና። ይህንንም በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ።

ለእኛ የሚሰጠን ምክር ግልጽ ነው። በሱቅ ውስጥ በትንሽ ወረቀት ላይ ያማረ ቀለም ከቀይ ምንጣፍ ወይም ከአረንጓዴ መጋረጃ አጠገብ ሲሆን ሌላ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ጥቂት ቀለም ገዝቶ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ሰሌዳ መቀባትና በግድግዳው ላይ ማቆም ይገባል። ሰሌዳውንም ጧት፥ ቀትር ላይና ማታ በአምፑል ብርሃን እየተመለከቱ ሁለት ቀን መታገሥ ነው። በነጭ አምፑልና በብጫ አምፑል ሥር አንዱ ቀለም ሁለት መልክ ይኖረዋል።

ክፍል በክፍል

ሲቀላ ቆላ ነው። ብዙ ሰው ሰማያዊ ግድግዳ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የውስጥ ቀለም የሙቀት መለኪያውን ዝቅ አያደርግም፤ ሙቀትን በእውነት የሚመልሰው ፀሐይ የሚያርፍበት የውጭ ግድግዳና የቆርቆሮው ጣራ ነጣ ያለ ሲሆን ነው። የውስጥ ቀለም የሚሠራው በዐይንና በመንፈስ ላይ ነው፤ ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

ወደ ምዕራብ መስኮት ያለው ክፍል ከቀትር በኋላ በብርቱ ፀሐይ ስለሚመታ፥ ሐመር አረንጓዴ ወይም ውሃ ሰማያዊ ቢቀባ ዐይንን ያሳርፋል። ዛፍ ወይም የጎረቤት ግንብ ብርሃን ለከለከለው ክፍል ግን ክሬም ወይም ለስላሳ ብጫ ይሻለዋል። ንጹሕ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን 80 ከመቶ ያህሉን መልሶ ሲረጭ፥ ጥቁር ዳማ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ ኮርኒሱ ነጭ ቢሆን በአንድ አምፑል የሚያጠና ተማሪ ይጠቀማል። የማጥኛው ጠረጴዛ የሚቆምበት ግድግዳም የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ባይቀባ ይመረጣል፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ዐይን ይወጋል።

ወጥ ቤት የሚታጠብ፥ ነጣ ያለ ቀለም ይሻል፤ ንጽሕና የጐደለው ሥፍራ ወዲያው እንዲታይ ነው። ዞኮሎው ግን አቧራና የመጥረጊያ ምልክት ስለሚያርፍበት ጠቈር ቢል አይጎዳም። ብርቱ ቀለም የሚወድ ሰው ደግሞ አራቱንም ግድግዳ በቀይ ከሚያስለብስ፥ ሦስቱን በክሬም ቀብቶ በአራተኛው ላይ አንድ ዱንጉዛ ቢሰቅል ቤቱ ስምም መልክም ያገኛል። ሲሰለቸውም ማውረድ ይችላል፤ ባለ ቤቱም አይቈጣውም።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው የዘይት ቀለም ለመቀባት አይቸኵል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፥ ይተነፍሳልም፤ የዘይት ቀለም መውጫውን ሲዘጋበት ያብጥና ይላጣል። ኖራ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢቀባ ርካሽም ጤናማም ነው። ሲበጠበጥ ግን ዐይን ስለሚያቃጥል ጥንቃቄ ያሻል።

ርጭትና በዓል

ከመልክ ይልቅ ሕይወትን የሚነካ ጕዳይ እነሆ። በኢትዮጵያ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ አርባ ምንጭም ወባ ከሚበረታባቸው ቆላዎች አንዷ ናት። የወባ ትንኝ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በቤት ውስጥ የሚረጨው ኬሚካል የሚገድላት በዚህ ጊዜ ነው፤ ኀይሉም እንደ ኬሚካሉና እንደ ግድግዳው ዓይነት ለወራት ይቈያል። ታዲያ ግድግዳው ከተረጨ በኋላ ቢለሰን ወይም ቀለም ቢቀባ ኬሚካሉ ከሥር ይቀበራል፤ ትንኟም በአዲሱ ቀለም ላይ በሰላም ታርፋለች።

ችግሩ የሚከፋው የዘመን መለወጫና ጋሞዎች በታላቅ ድምቀት የሚያከብሩት መስቀል በመስከረም ስለሚውሉ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱን አድሶ በዓሉን ለመቀበል ይሻል፤ ዋናው የወባ ወራትም የሚጀምረው በዚያው በመስከረም ነው፥ እስከ ታኅሣሥም ይዘልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከጤና ጣቢያው የርጭቱን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ቀለሙን ከርጭቱ በፊት መቀባትና ማድረቅ ነው። ቤቱ ቀድሞ ከተረጨ ግን ለዘንድሮው በዓል ቄጠማና የታጠበ መጋረጃ ይበቃሉ፤ ቀለሙ ይቈይ።

በቆርቆሮው ውስጥ ያለው መርዝ

ሁለተኛው አደጋ በራሱ በቀለሙ ውስጥ የሚገኝ ነው። ሊድ ወይም እርሳስ የተባለው ብረት ለብዙ ዘመን በቀለም ውስጥ ሲጨመር ኖሯል፤ በተለይም ደማቅ ብጫና ደማቅ ቀይ የሚገኙት ከእርሳስ ክሮሜት ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጕዳት የማያመጣ መጠን አልታወቀም ይላል። በአገራችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ቀለም ሲገዙ በቆርቆሮው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ማንበብ ነው። የድሮ ቀለም የተላጠበት ግድግዳ ሲታደስም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ ብናኙ እንዳይነሣ በውሃ እያረጠቡ ማንሣት፥ ልጆችንም ከቤት ማራቅ፥ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይገባል።

ስንት ይበቃል?

ወለሉ 4 በ3 ሜትር፥ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው። ይህ በቁመቱ ሲባዛ 39 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 3 ቢቀነስ 36 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 72 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፥ ከ7 ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ይበቃል። ሻካራ ግድግዳ ከዚህ የበለጠ ይጠጣል። የሚያስፈልገውንም ሁሉ በአንድ ቀን መግዛት ይሻላል፤ በሌላ ቀን የተቀላቀለው በትክክል አይመሳሰልምና።

ቤቱን የሚጋሩት ሰዎች ካሉም ሰሌዳውን ለእነርሱም ማሳየት ተገቢ ነው። ለአንዱ የልጅነት ቤቱን የሚያስታውሰው ቀለም ለሌላው ኀዘን የተቀመጠበትን ክፍል ሊያስታውስ ይችላል። ይህን ደግሞ ባለ ሱቁ ሊነግረን አይችልም፤ ጠይቀን የምናገኘው ከቤተ ሰባችን ነው።