በደቂቃ ሦስት ጠብታ

የመውለጃው ጊዜ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን የስኳር ስንቅ እምብዛም የለውም። ጉበት ስኳር የሚያከማቸው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ነው፤ እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ባለ 10 በመቶ ግሉኮስ ወዲያው ይሰቀልለታል።

ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ደጃፍ የተቀመጡ አንዲት አያት፣ «አቦ ሲስተር፣ ግሉኮስ ከተሰቀለለት ጠገበ አይደል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልጠገበም እማማ! አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 80 ሚሊ ሊትር ቢያገኝ በውስጡ ያለው ስኳር 8 ግራም ነው፤ 27 ኪሎ ካሎሪ ግድም። ለማደግ የሚያስፈልገው ከ100 በላይ ነው። ፕሮቲንም ስለሌለው ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል። በ1968 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ ዊልሞርና ዱድሪክ አንዲት ሕፃን በደም ሥር ብቻ ተመግባ እንደምታድግ ያሳዩት፣ ከስኳሩ ጋር ፕሮቲን ጨምረው ነው። በአገራችን ብዙ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ያ የፕሮቲን ጠርሙስ አይገኝም፤ ስለዚህ የእናት ወተት በቱቦ፣ በጥቂት ሚሊ ሊትርም ቢሆን፣ ቶሎ መጀመር አለበት። ግሉኮሱ እስከዚያ ማቆያ ነው።

ማቆያነቱን ግን አትናቁት። ፓምፕ በሌለበት ነርሷ ሰዓቷን ይዛ ጠብታ ትቆጥራለች። በቡሬት፣ ማለትም በትንንሽ ጠብታ መስጫው፣ 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ለዚያ ሕፃን በደቂቃ ሦስት ጠብታ ገደማ ይደርሰዋል። አራት ከሆነ ስኳሩ በሲሶ ጨመረ ማለት ነው፤ የደም ስኳሩ ከ150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ በሽንት እየወጣ ውሃውንም ይዞት ይሄዳል። መስመሩ ቢዘጋ ደግሞ የደም ስኳሩ ከ45 በታች ሊወርድና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፣ ሕፃኑ ግን ላያለቅስ ይችላል። ባለ 10 በመቶው ሲጠፋ ስድስት እጅ ባለ 5 በመቶ ከአንድ እጅ ባለ 40 በመቶ ጋር ይቀላቀላል። ባለ 40ውን ሳያቀጥን የሚሰጥ ሰው ደም ሥሩን ያቃጥላል።

የድሬ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኛው የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ተጽፎበታል፤ እኛ ግን ክዳኑን ከፍተን መስኮት ሥር እንተወዋለን። ለመለኪያው ደም ሲወሰድም ተረከዙ ከጎኑ ይወጋ፣ አልኮሉም አስቀድሞ ይድረቅ። ግሉኮስ ከገባበት እጅና እግር ደም አይወሰድ፤ ቁጥሩ በሐሰት ያሻቅባል፣ ያኔ ስኳር የጎደለበትን ሕፃን ጠብታ እንቀንስበታለን።