የገና ጨዋታ በጎጃም ደጋ፤ ስለ ስድብ ፈቃድና ስለ ዝምድና

በበዓለ ልደት ዕለት በጎጃም ደጋ ጎልማሶችና ልጆች በመስክ ላይ በሁለት ወገን ተሰልፈው በቆልማማ በትር ሩር የሚያባርሩበት ጨዋታ ገና ይባላል። በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ በትሩም የሚጠሩት በዚሁ በአንድ ስም ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ «የኢትዮጵያ ሆኪ» ብለው ያልፉታል። እንዲህ ብሎ መተርጐም ግን የጨዋታውን እኩሌታ ብቻ ማየት ነው። ሌላው እኩሌታ፣ ማለት የስድብ ግጥሙና የማዕርጉ መገልበጥ፣ ከሩጫው ጋር አንድ አካል ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው ማሠሪያም በጎጃም የዝምድና ሥርዓት ውስጥ እንደሚገኝ በዚህ ሐተታ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጨዋታው የሚደረግበት ቀን ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተጾመው ጾመ ነቢያት በዚያ ሌሊት ይፈታል። ወራቱ ለደገኛው ገበሬ የአጨዳ ማብቂያና የውቂያ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ገለባው የቀረበት ማሳና የግጦሹ መስክ ለሩጫ ክፍት ነው። አዝመራ ቆሞ ሳለ፣ ወይም በክረምት ጭቃ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሊደረግ አይችልም። ስለ ጨዋታው አጀማመር የሚነገረው ትውፊት፣ የቤተ ልሔም እረኞች የልደቱን የምሥራች በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር እየተጫወቱ ደስታቸውን ገለጹ የሚል ነው። ትውፊቱ የጨዋታውን ጥንተ ታሪክ ባያረጋግጥም፣ በሌላው ቀን ዝቅ ብሎ የሚታየው የእረኛ በትር በዚህ ቀን ስለ ምን እንደሚከበር ያስረዳል።

የጨዋታው መሣሪያ ጥቂት ነው። በትሩ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት፣ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመው ተመርጦ ይቈረጣል፤ ያልቆለመመም ቢሆን በእሳት እየተለበለበ ይታጠፋል። ሩሩ ከእንጨት ጉጥ ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተድቦልቡሎ ይሠራል። ወጣቶች በትራቸውን ከበዓሉ ቀደም ብለው ያዘጋጃሉ።

በዕለቱ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የጾሙን መፍቻ ከቀመሰ በኋላ ወደ መስኩ ይወጣል። ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ጊዜ በአንድ መንደር ውስጥ የላይና የታች ሆነው ይከፈላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት አጥቢያዎች ይገጥማሉ። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ ከሁለቱም በኩል የተመጣጠነ እስኪመስል ድረስ ሰው ይጨመራል። ወሰኑ ወንዝ፣ ጉብታ ወይም የታወቀ ዛፍ ነው። ሩሩ በመካከል ተቀምጦ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው በትሩን አጋጥሞ ይጀምራል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወገን ሩሩን በባላጋራው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላል። ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም፤ ክርክር ሲነሣ በዳር የቆሙት ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ፍጻሜውን የሚወስነው የፀሐይ መግባት ነው። በትር ቅልጥምን ያገኛል፤ ሩርም ግንባርን ይመታል፤ ተመልካቹም ይህን ዐውቆ ይቆማል።

ሩሩ ወሰን ባለፈ ቍጥር ግጥም ይነሣል። አሸናፊው ወገን የተሸናፊውን አገር ሰው፣ ምግቡን፣ ከብቱን፣ ፈሪነቱን እያነሣ ይሳደባል፤ ሹሙና ባለጸጋውም ከስድቡ አያመልጡም። በዚህ ቀን ጌታ በአሽከሩ ላይ እንደማይቆጣ የሚመሰክረው ምሳሌያዊ አነጋገር በመላው አማርኛ ተናጋሪ አገር የታወቀ ነው። ይህ አነጋገር በአንድ ጊዜ ፈቃድም ወሰንም ነው። ለአሽከሩ መናገርን ይፈቅዳል፤ ፈቃዱን ግን በዚያ ቀንና በዚያ መስክ ያጥረዋል።

እንግሊዛዊ ዜግነት የነበራቸው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ማክስ ግላክማን በ1952 እ.ኤ.አ. ባሰሙት ንግግር፣ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ታናሹ ታላቁን እንዲሰድብ የሚፈቅዱ ሥርዓቶች ቍጣን በማስተንፈስ የቆየውን ሹመት ያጸናሉ ብለው ነበር። ገናን በዚህ አሳብ መመዘን ይቻላል፤ ነገር ግን የጎጃም ታሪክ አሳቡን ሙሉ በሙሉ እንድንቀበል አይፈቅድልንም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬዎች መሣሪያ አንሥተው ተቃወሙ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን እስከ መለወጥ ደረሰ። በየዓመቱ በመስክ ላይ መሳደብ የተፈቀደለት ገበሬ በግብር ነገር ቍጣውን አላስተነፈሰም። ደግሞም የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የጌታንና የጭሰኛን ግንኙነት በሕግ ካስቀረ በኋላ የገና ስድብ ከባለ ጕልቱ ጋር አብሮ አልጠፋም። ስለዚህ የጨዋታውን ትርጕም በጌታና በአሽከር መካከል ብቻ መፈለግ አይበቃም።

ሌላው መንገድ ዝምድናን መመልከት ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጠው ያጠኑትን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የጎጃም ገበሬ ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው በብዙ አጥቢያ የርስት መብት ሊያነሣ ይችል ነበር። በዚህ ላይ እስከ ሰባት ቤት ተቈጥሮ የማይጋባ ሕዝብ ሚስቱን ከሌላ አጥቢያ ለማምጣት ይገደዳል። እንግዲህ በገና ቀን በሁለት አጥቢያ መካከል በሚደረገው ግጥሚያ፣ ከወሰኑ ማዶ የተሰለፈው ወገን የአጎት፣ የአማት፣ የእኅት ልጅ ወገን ነው ማለት ነው። ስድቡ በባዕድ ላይ ቢወርድ ደም ያፈስስ ነበር፤ የሚወርደው ግን ነገ ለሰርግ፣ ለተዝካርና ለርስት ክርክር በሚፈለግ ሰው ላይ ነው። የተመታውም ሰው ቂም ይዞ ቢነሣ፣ ለመበቀል የሚዘምትበት አገር የእናቱ አገር ሊሆን ይችላል። ዳኛ የሌለው ጨዋታ ዳኛው ይህ ነው።

ይህን ካየን፣ ጨዋታው ሕጉ በጽሑፍ ሲወሰን ምን እንደሚለወጥ መገመት አያስቸግርም። በአውስትራልያ የሜልቦርን ክለብ ሰዎች በ1859 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን እግር ኳስ ሕግ በ10 አንቀጽ ጻፉ፤ ከዚያም በኋላ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሕግ ሊገጥሙ ቻሉ። የጽሑፍ ሕግ ትልቅ ጥቅሙ ይህ ነው። በአገራችንም ገና ከባህል ስፖርቶች መካከል ተቈጥሮ፣ ሜዳው ተለክቶ፣ ተጫዋቹ ተወስኖ፣ ዳኛ ተሹሞለት ከልዩ ልዩ ክልል የመጡ ቡድኖች ይወዳደሩበታል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የከተማ ልጅ ልቡን ለእግር ኳስ በሰጠበት ዘመን በትሩና ሩሩ እንዳይረሱ አድርጓል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ የሚገናኙት ባዕዳን ስለ ሆኑ የስድቡ ግጥም ቦታ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ግጥሙ የቀረው በቸልታ አይደለም። የሚሸከመው ዝምድና በሜዳው ስለሌለ ነው።

ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል፣ ራስ ኃይሉ ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1928 እና በ1929 እ.ኤ.አ. በጎጃም ተቀምጠው ነበር፤ በ1935 እ.ኤ.አ.ም ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእርሳቸው በኋላ የሚመጣ ተማሪ የበትሩን ርዝመትና የሩሩን ክብደት ለመመዝገብ አይቸገርም፤ እነዚህ በስፖርቱ ደንብ ይጠበቃሉ። በሽማግሌዎች ቃል ብቻ ተጠብቆ ያለው ሌላው ነው፤ ይኸውም የትኛው አጥቢያ ከየትኛው ጋር ይገጥም እንደ ነበር፣ በሁለቱ መካከል ስንት ጋብቻ እንዳለ፣ የትኛው ስድብ እንደሚያስቅና የትኛው እንደሚያጣላ ነው። በመስክ ዳር ቆመው የፈረዱት ሽማግሌዎች ዕድሜአቸው የገፋ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው።