ከጥፋቱ በፊት የነበረው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ጀነሲስ ቱ በተባለ የሴቶች ማዕከል ለሚሠሩ ባለሙያዎች እንግዳ ሥራ መጣባቸው፦ ሕፃናትን በወሲብ ያጠቁ ሴቶችን ማከም። በጊዜው የነበረው ዕውቀት በሙሉ ማለት ይቻላል ከወንድ ጥፋተኞች የተቀዳ ነበር። ሩት ማቲውስ፣ ጄን ማቲውስና ካትሊን ስፔልዝ የ16 ሴቶችን ታሪክ አጥንተውና በዓይነት ለይተው በ1989 አሳተሙ። ከሴቶቹ መካከል በልጅነታቸው ራሳቸው የተጠቁ፣ ታዳጊ ወንድን እንደ ፍቅረኛ የቆጠሩ፣ በወንድ ተገደው የገቡም ነበሩ።

ዓይነት መለየት ግን ማከሚያ አይሆንም። «ተገድዳለች» ተብሎ መመዝገቡ፣ ያቺ ሴት የቱ ጋ ስትደርስ መመለስ ትችል እንደነበር አይናገርም።

በ2008 ብሪታንያ ውስጥ ቴሬዛ ጋነንና ባልደረቦቿ ይህንኑ ፍለጋ ገቡ። 22 ሴቶች ሕይወታቸውን ከልጅነት እስከ ጥቃቱ እንዲተርኩ አደረጉ። ትረካዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስት መንገዶች ታዩ። አንዳንዷ ፈልጋና አቅዳ ሄዳለች፤ ለወሲብ፣ ለበቀል ወይም ለገንዘብ። ሌላዋ ጥቃቱን አልፈለገችም፤ ግን አብሯት ያለውን ወንድ ፈርታ ወይም እንዳይለያት ሰግታ የሚላትን ፈጸመች። ሦስተኛዋ ያለ ዕቅድ፣ በድንገት ገባችበት።

የልጁ ቁስል በሦስቱም ያው ቁስል ነው፤ ይህን የሚያቃልል ተሃድሶ ተሃድሶ አይባልም። ሆኖም ባሏን ፈርታ የገባችውን ሴት ወሲባዊ ምኞትን ስለመግታት ብቻ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። እሷ መማር ያለባት ብቻዋን መቆምን፣ እምቢ ማለትንና ልጅን ከባል ማስቀደምን ነው። ይህ ሲባል ኃላፊነቷ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ የራሷን ድርሻ በአፏ መናገር አለባት። አቅዳ ከገባችው ጋር ደግሞ ምኞቷንና ልጅን የምታይበትን ዓይን በግልጽ ማንሳት ግድ ነው።

ቀጥሎ ጥፋቱን የመድገም አደጋ ምን ያህል እንደሆነ ተመረመረ። በ2010 ፍራንካ ኮርቶኒና ባልደረቦቿ 10 ጥናቶችን አጣምረው 2,490 ሴቶችን ተመለከቱ። በአማካይ በ6 ዓመት ተኩል ክትትል ወሲባዊ ጥፋት የደገሙት ከ3 በመቶ በታች ናቸው። በወንዶች ስሌት የተሠራ መለኪያ፣ እንግዲህ፣ የብዙዎቹን ሴቶች ስጋት ያጋንናል።

በ2017 ኮርቶኒ ሌላ ክፍተት አሳየች። በፖሊስ መዝገብ ከወሲብ ጥፋተኞች መካከል ሴቶቹ 2 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ተጎጂዎች ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ቁጥሩ 11.6 በመቶ ደረሰ። ብዙዎቹ ከማንም ባለሙያ ፊት አይደርሱም። የሚደርሱትም በየማረሚያ ቤቱ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ለወንዶች የተለመደው የቡድን ሕክምና ለእነርሱ ሰው አይሞላም፤ መርሐ ግብሩን የሚነድፈው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ከአንዲት ሴት ጋር ለብቻ እንዲሠራ አድርጎ መንደፍ ይኖርበታል።